ሥዕሉን በውኃ አትንኩት!

ዛሬ ከዘጌ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ያየሁትን ሳልጽፍ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ አስጎብኚ «ለፎቶ ይፍካ» ብሎ ሶፍት በውኃ አርሶ የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ የፊት እግር ጠረገው። ሶፍቱ ነጭ ቀለም ይዞ ተነሣ። የሰኮናው ቀጭን ጥቁር መስመርም አብራ ሄደች። ስጮህበት «አቧራ እኮ ነው» አለኝ።

አቧራ አይደለም! ለሙያ ጓደኞቼ በቁጥር ላስቀምጠው፦

1. ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ቀለሙን የሚይዘው በአብዛኛው ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ የወጣ ሙጫ ነው። ሙጫው ደግሞ በውኃ ይሟሟል። በቃ።

2. «ሠዓሊው አንበሳ አይቶ ስለማያውቅ ነው ፊቱን እንደ ሰው የሣለው» እያላችሁ ጎብኚ አታስቁ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል! የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የሚሥለው ገድሉን ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሶችና ነብሮች ለጻድቁ የተገዙ ናቸው፤ ለምን ያጓራሉ? የጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ፣ የመርቆሬዎስ ጥቁር የሆነው ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ከሩቅ እንዲለያቸው ነው። ይህ እውቀት ነው፣ ስሕተት አይደለም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ ሮበርት ክሬችመር የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ሠዓሊ ከአልፍሬድ ብሬም ጋር እስከ ቦጎስ ምድር መጥቶ ነበር። 1818 ተወለደ፣ 1872 ሞተ፤ የብሬም ዝነኛ የእንስሳት መጽሐፍ በእሱ ሥዕሎች የተሞላ ነው። ሁሉም ተመዝግቧል። የእኛስ? ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴ ግቡ፤ ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እሳቸውን ሁላችን እናውቃለን፤ የሣላቸውን ሰው ግን በስም የሚጠራው የለም። የዘጌውም ፈረስ ሠዓሊ እንደዚያው ነው። ለእሱ የቀረለት የብሩሹ መስመር ብቻ ነበር። ዛሬ በሶፍት የተነሣችው እሷ ናት።

ደግሞ ሥልጠና ይሰጣል! ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀምጠን ስለ ፈገግታና ስለ መስተንግዶ ተማርን፣ ሰርተፊኬት ወሰድን። ስለ ሙጫ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ጣሪያው ያፈሳል ብለን የጻፍነው ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ እስኪመለስ ሥዕሉ ይጠብቅ ይሆን?

ነገ ጀልባ የምትሳፈሩ፣ የእጅ ባትሪ ያዙ። ሥዕሉ ከደበዘዘባችሁ ራቅ ብላችሁ ከጎን አብሩበት፤ የፈረሱ ጋማ ፀጉር በፀጉር ይታያችኋል። እጃችሁን ግን ሰብስቡ፣ እባካችሁ!