የስልካችንን ቀዳዳ ማን ይጣፈው?

በዚህ እትም የምናወራው በየቤታችን ስላለው ስማርት ስልክ ነው።

ስልክ የሚሠራው ሰዎች በጻፉት ትእዛዝ ነው፤ ሶፍትዌር ይባላል። ትእዛዙ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ስላለው ስህተት አያጣውም። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ለሌባ መግቢያ ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ በእንግሊዝኛ «ፓች» ይባላል፤ በኛ አነጋገር እራፊ ማለት ነው፣ ያው የተቀደደ ሱሪ እንደሚጣፍበት። ታዲያ ጣፊው ማነው?

በፈረንጆቹ 2015 የሆነውን እንይ። ጆሹዋ ድሬክ የተባለ ተመራማሪ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቪዲዮ በሚያጫውተው ክፍል ውስጥ ቀዳዳ አገኘ። ክፍሉ ስቴጅፍራይት ይባላል። የሚያስፈራው ምኑ መሰላችሁ? ባለቤቱ ምንም ሳይነካ፣ ተኝቶ እያለ እንኳን፣ ወደ ቁጥሩ በሚላክ የቪዲዮ መልእክት ብቻ ስልኩ ሊጠለፍ ይችል ነበር! 950 ሚሊዮን ያህል ስልኮች ተጋልጠዋል ተብሎ ተገመተ።

አንድሮይድን የሚሠራው ጎግል ነው። ሲነገረው ማስተካከያውን ቶሎ አዘጋጀ። ግን እራፊ ስለተገኘ ብቻ ሱሪ አይጣፍም። ጎግል ለስልክ አምራቾች ይሰጣል፤ እነ ሳምሰንግና እነ ቴክኖ ደግሞ ለየሞዴላቸው አስተካክለውና ሞክረው ይልካሉ። በአንዳንድ አገር የኔትወርክ ድርጅቱም ካልፈተሸው አያልፍም። በዚህ መሀል ብዙ ስልኮች ለወራት ጠበቁ፤ ጭራሽ ያልደረሳቸውም አሉ። ከዚያ ወዲህ ጎግል በየወሩ ማስተካከያ ማውጣት ጀመረ። አይፎን ላይ ነገሩ ይቀላል፤ አፕል ስልኩንም ሶፍትዌሩንም ራሱ ስለሚሠራ ቀጥታ ይልካል።

እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ የእናቴን ስልክ ከፈትኩ። ሴቲንግ ገብቼ አፕዴት የሚለውን ስነካ «ስልክዎ ወቅታዊ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ዝቅ ብዬ የሴኩሪቲ ፓቹን ቀን ሳይ ግን 2021 ይላል! ለካ «ወቅታዊ ነው» ያለው ቀዳዳ ስለሌለው አይደለም፤ አምራቹ መጣፉን ስለተወ ነው። እናቴ ደግሞ ብር የምትልከውም የምትቀበለውም በዚሁ ስልክ ነው። «ይሠራል እኮ፣ ምን ሆነ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይሠራል።

በኔ አስተያየት ኃላፊነቱ በዋናነት ሽጦ ብሩን የተቀበለው አምራች ነው። ሲፈልጉ ይችላሉ፤ ጎግልና ሳምሰንግ ለአንዳንድ አዳዲስ ስልኮቻቸው የ7 ዓመት ማስተካከያ ቃል ገብተዋል። ግን እነዚያ ውድ ስልኮች ናቸው። ርካሹን የሚገዛው ሰው ቶሎ ይረሳል።

የኛ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ግን አለች። አፕዴት ሲመጣ «በኋላ» እያልን አንለፈው። ስልክ ስትገዙም ስለ ካሜራው ብቻ ሳይሆን «ስንት ዓመት አፕዴት ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ግራ ቢጋባም ጠይቁ።

የቤታችሁን ስልክ የፓች ቀን አይታችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ሚኒሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ስልክ ቁጥር ግን እንዳትጽፉ!