ያውቁ ኖሯል? ጥርስና ሞረድ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው

በሪያድ ሲኖሩ ቢላ ሊያስሉ ወደ ገበያ ወጥተው የመሳያውን ድንጋይ ስም ዐረቦቹን ቢጠይቁ «ሚሰን» ይሉዎታል፤ ይህም ቃል ጥርስ ማለት ከሆነው «ሲን» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ «ሲን» ደግሞ የግእዙ «ስን» ወንድም ነው። ግእዝ በበኩሉ ስለታሙን «በሊኅ» ይለዋል፤ እኛም ከዚያው ግስ የመጣውን «ብልህ» አእምሮው ለተሳለ ሰው ሰጥተነዋል።

በመጀመሪያው ምእት ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዮስ ድንጋዮቹን በየማርጠቢያቸው ለይቶ፣ ዘይት ከሚሹት የቀርጤስን፣ ውኃ ከሚሹት የናክሶስን ደሴት ድንጋይ አስቀድሞ ያመሰግናል፤ ደግሞም (ደንበኞቹ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ) ጸጉር ቆራጮች በምራቅ የሚስሉበት ከእስጳንያ የሚመጣ ድንጋይ እንደ ነበረ ይጨምራል። ያው የቀርጤሱ ድንጋይ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ደሴቲቱ በኦቶማን መንግሥት ሥር ሳለች፣ በአውሮፓ ገበያ «የቱርክ ድንጋይ» ተብሎ ይሸጥ ነበርና የጥንት መሳያ ድንጋይ የሚሰበስቡ ሰዎች እስከ ዛሬ በዚሁ በተሳሳተ ስሙ ይፈልጉታል።

እዚያው ሪያድ ውስጥ፣ ከመስመክ ግንብ ብዙም በማይርቀው በሱቅ አዝ ዘል ገበያ፣ ከአሮጌ ሰይፍና ጩቤ አጠገብ፣ መሐሉ እንደ ኮርቻ የጎደጎደ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ድንጋይ ቢያጋጥምዎ፣ ያ ጉድጓድ ስለት በዓመታት ምልልስ የቆፈረው ነውና ደልዳላ ለማድረግ አይፋቁት።