የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ እንዴት ይታረማል?

የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ለጆሮ ስላማረ ብቻ ተጠናቀቀ አይባልም። ለመድረክ ወይም ለአልበም የሚዘጋጅ ዘፈን መነሻውና መድረሻው የታወቀ ነው። የጨዋታ ሙዚቃ ግን ተጫዋቹ ሲሮጥም፣ ሲቆምም፣ ሲሸነፍም አብሮት ይዘልቃል። አንዱ በ2 ደቂቃ የሚያልፈውን ምዕራፍ ሌላው ግማሽ ሰዓት ሊታገልበት ይችላል፤ ዜማው ግን ሳይሰለች እየተደጋገመ ለሁለቱም መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት የሙዚቃ ደራሲው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዳለ የሚጸድቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ረቂቁ ወደ ጨዋታው ይገባል፣ ይሞከራል፣ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ይታረማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጣላል።

ነገሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በደቦ አጨዳ ላይ ዘፈን የሚያወጣው ሰው ዓይኑ ከአጫጆቹ ክንድ ላይ ነው። ዘፈኑ ከማጭዱ ወደ ኋላ ከቀረ ሥራው ይጎተታል፤ ከቀደመውም አጫጁ ይደክማል። የዘፈኑ ብርታት የሚለካው ከሥራው ጋር በመግጠሙ ነው። የጨዋታ ሙዚቃም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል፤ በማጭዱ ቦታ የተጫዋቹ ጣቶች ይተካሉ።

የተጣለው የመጀመሪያ ዜማ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮጂ ኮንዶ ነው። እ.ኤ.አ በ1961 በናጎያ ከተማ የተወለዱት ኮንዶ፣ በኦሳካ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ በ1984 ኒንቴንዶ በተባለው ኩባንያ ተቀጠሩ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ወር ለገበያ ለቀረበው “ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ” ሙዚቃውን የደረሱት እርሳቸው ናቸው። የጨዋታው ሥራ የሚመራው በሺጌሩ ሚያሞቶ ነበር።

ኮንዶ ለጨዋታው ዋና ሜዳ መጀመሪያ የደረሱት ዜማ ረጋ ያለ ነበር። ከጨዋታው ጋር ሲገናኝ ግን አልገጠመም፤ ማሪዮ ይሮጣል፣ ይዘላል፤ ሙዚቃው ግን በዝግታ ይሄዳል። ኮንዶ ያን ረቂቅ ትተው ከገጸ ባሕሪው ሩጫና ዝላይ ጋር የሚሄድ ሌላ ዜማ ደረሱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ዜማ ይኸው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ዜማ ለብቻው ሲደመጥ ምንም ጉድለት ላይኖርበት ይችል ነበር፤ ጉድለቱ የተገለጠው ሰው ጨዋታውን እየተጫወተ ሲያዳምጠው ነው።

በጠባብ ቦታ መሥራት

በዚያ ዘመን እርማት በመሣሪያው አቅምም የተገደበ ነበር። “ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ” ምስሉም፣ ሙዚቃውም፣ ትእዛዙም ተደምሮ የያዘው ቦታ 40 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ በዛሬ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያው ድምፅ የሚያወጣበት መስመርም 5 ብቻ ነበር። ማሪዮ ሲዘል የሚሰማው ድምፅ ራሱ ከእነዚህ አንዱን መስመር ለቅጽበት ከሙዚቃው ይወስዳል። ስለዚህ ደራሲው አንድ ነገር ለመጨመር ሲያስብ የትኛውን እንደሚቀንስ አብሮ ማሰብ ነበረበት።

ጥበቡ ግን በጥቂት ነገር ብዙ መናገር ነው። በዚሁ ጨዋታ የቀረው ጊዜ ከ100 በታች ሲወርድ ያው ዜማ በፍጥነት መጫወት ይጀምራል፤ ተጫዋቹም ጽሑፍ ሳያነብ መቸኮል እንዳለበት ይረዳል። እ.ኤ.አ በ1990 በወጣው “ሱፐር ማሪዮ ወርልድ” ደግሞ ማሪዮ ዮሺ በተባለው እንስሳ ጀርባ ላይ ሲወጣ በዜማው ላይ የከበሮ ምት ይታከላል። ዜማው አልተለወጠም፤ የተጫዋቹ ሁኔታ መለወጡን ግን ይናገራል።

የሌላ ሰው ዜማ ያመጣው ጣጣ

ሁሉም እርማት ከጆሮ የሚመነጭ አይደለም፤ ሕግም ያስገድዳል። እ.ኤ.አ በየካቲት 1986 በጃፓን ለወጣው “ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ” መክፈቻ ታስቦ የነበረው ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል የደረሱት “ቦሌሮ” ነበር። ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1928 ነው። በወቅቱ የጃፓን ሕግ የደራሲን መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ራቬል ያረፉት እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1937 በመሆኑ ጊዜው ገና አልሞላም። ይህ የታወቀው ጨዋታው ሊጠናቀቅ በተቃረበበት ሰዓት ነበር። ኮንዶ ቀደም ሲል ለጨዋታው ሜዳ የደረሱትን የራሳቸውን ዜማ በአንድ ሌሊት ለመክፈቻ እንዲሆን አድርገው አቀናበሩት። ያም ዜማ የጨዋታው መለያ ሆኖ ቀረ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ለማስታወቂያ፣ ለፊልም ወይም ለጨዋታ ሙዚቃ በኮምፒዩተር የሚያቀናብር ወጣት፣ ለጊዜው ማሳያ ይሁን ብሎ ያስገባውን የሌላ ሰው ዜማ በጊዜው ካላወጣ ተመሳሳይ ጣጣ ይገጥመዋል። ሌላም አደጋ አለ፤ ሠሪዎቹ ማሳያውን ደጋግመው ስለሚሰሙት ጆሯቸው ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አዲስ ዜማ ሁሉ ይከብዳቸዋል።

አስተያየት እንዴት ይሰጥ?

የእርማት ሥራ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በአስተያየቱ ነው። “አልወደድኩትም” ወይም “ትንሽ ሞቅ ይበል” የሚል አስተያየት ደራሲውን በጨለማ ይተወዋል። የሚጠቅመው ቦታውንና ችግሩን ለይቶ መናገር ነው፦ “ጠላት ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ ይህ ክፍል ይሸፍነዋል”፣ “ዜማው ተመልሶ ሲጀምር መገጣጠሚያው ይሰማል”፣ “ተጫዋቹ እዚህ ቦታ ሊያስብ ይገባል፤ ምቱ ግን ያጣድፈዋል”። የጨዋታው ሠሪ ችግሩን ያመለክታል፤ መፍትሔውን ማግኘት የደራሲው ሙያ ነው። የትኛው መሣሪያ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ሠሪው ማዘዝ ከጀመረ ሙያተኛ የቀጠረበት ምክንያት ይጠፋል።

ደራሲውም በበኩሉ ሥራውን ለብቻው አዳምጦ መከራከር አይበቃውም፤ ጨዋታውን ራሱ መጫወት ይኖርበታል። ሁለቱም ወገኖች ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ፣ ከዚያ በላይ ለሚጠየቀው ክፍያው ምን እንደሚሆንና የተጣለው ረቂቅ የማን እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር በውል መጻፍ አለባቸው። በመሐል የሚነሣው ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2023 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የ“ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ”ን ዜማ በብሔራዊ የድምፅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ከቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃዎች ወደዚህ መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ክብር የበቃው ደራሲው የመጀመሪያ ሥራቸውን ለመጣል ባለማመንታታቸው ነው።