ዳገት ላይ የሚለግም

ሚኒባሱ ከ18 ማዞሪያ ሞልቶ ሲነሣ ምንም አይታወቅበትም። ዳገቱ ሲጀምር ሾፌሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ያወርዳል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል፣ እግረኛው ይቀድመዋል። ሲብስ አንደኛ ማርሽም አልበቃ ይላል፤ ረዳቱ ድንጋይ አንሥቶ የኋላ ጎማውን ታኮ ለማድረግ ይዘላል። ይኼኔ ውስጥ ያለነው ሁሉ መካኒክ እንሆናለን። አንዱ «ናፍጣው ላምባ ተቀላቅሎበት ነው» ይላል፤ ሌላው «ፖምፓው አርጅቷል»። ሾፌሩ ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከፍታው ነው፤ እዚህ አገር መኪና እንዲህ ነው።»

ሾፌሩ በከፊል እውነት አለው። ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደቡ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ቱርቦ አልባ ሞተር፣ ኮልፌ ሲደርስ ከ75 ብዙም አያልፍም። እንጦጦ ላይ ሦስት ሺሕ ሜትሩን ከተሻገረ በኋላማ 70 መሙላቱም ያጠራጥራል። በየመስመሩ የምንሳፈረው «ፋይቭ ኤል» ሞተር ያለው ሃይስ 3 ሊትር የሚጠጋ የናፍጣ ሞተር ይዞ ቱርቦ የለውም፤ በዚያ ላይ ትርፍ ይጫንበታል።

ከፍታው ግን የሚወስደው ከዓመት ዓመት ያንኑ ያህል ነው። ትናንት የወጣውን ዳገት ዛሬ ያቃተው መኪና፣ ከተማዋ በአንድ ሌሊት ከፍ ብላበት አይደለም። «ከፍታ ነው» የሚለው ሰበብ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ብልሽቱን ሳንፈልግ ዓመታት እንድንነዳ ያደርገናል። ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ ሳይመረምሩ መፍታት። እሱን በራሴ ኪስ አውቀዋለሁ።

አሮጌ ኮሮላ ነበረችኝ። ሜዳ ላይ እንደ ልቤ ትታዘዛለች፤ ዳገት ስታይ ትርገፈገፋለች፣ ትታፈናለች። የወሰድኳት ጋራዥ ሳይነዳት «ቴስታታዋ ነው» አለኝ። ቴስታታ ወረደ፣ ጓርኒሲዮን ተቀየረ። ከሶማሌ ተራ ካንዴላ ገዛሁ፣ ቦቢና ገዛሁ። ዳገቱ ግን ያው ነው። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ መሣሪያቸውን ሳይነኩ «ልጄ፣ እስቲ አብሬህ ልቀመጥና ዳገት አውጣኝ» አሉ። ጋቢና ተቀምጠው ዝም ብለው አዳመጡ። ስንመለስ የቤንዚን ፊልትሮዋን ነቅለው በአፋቸው ነፉባት፤ አታስተላልፍም። ታንኩ ውስጡ ዝጎ ዝገቱ ደፍኗታል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ጥቂት ቤንዚን ስለሚበቃው በጠባቧ ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ያዘልቀዋል፤ ዳገት ላይ አብዝቶ ሲጠይቅ ግን የሚመጣለት የለም።

ሰውየው ያዳመጡት ምን ነበር? ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይጓዝ ከሆነ ሞተሩን መንካት አያስፈልግም፤ ፍሪሲዮኑ አልቆ እየተንሸራተተ ነው፤ የሚቃጠል ሽታውም ይመሰክራል። ሞተሩ ራሱ ከታፈነ ነው አየሩ፣ ነዳጁና እሳቱ የሚፈተሸው። ጭሱ መንገድ ይጠቁማል፦ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ወይም ፖምፓው ከልኩ በላይ እየረጨ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው አልቆ ይሆናል። ለዝቅተኛ አገር የተቃኘ ካርቡራተር ያለው መኪና እዚህ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ እሱን ማስቃኘት ነው። በቪትዝና በመሰሎቹ ደግሞ የጭስ መውጫው ካታሊቲክ ሲደፈን ሞተሩ መተንፈሻ ያጣል። ፍሬን ይዞ ሲጎትትም ሰው ሞተሩን ያማል፤ ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ለብቻው ቢግል እሱ ነው። የሲሊንደሮቹን ግፊት በጌጅ መለካት ደግሞ ቴስታታ ከማውረድ በፊት የሚሠራ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለእኔ ያ ጌጅ አልደረሰኝም።

ተሳፋሪው የሚያማው ነዳጅስ? ሐሜቱ መሠረት አለው። ላምባ ከናፍጣ የቀጠነ ነው፤ ፖምፓውን በደንብ አያለሰልስም፣ ሲቆይም ይበላዋል። ነገር ግን መቀላቀል የሚያተርፈው ላምባ ሲረክስ ነው፤ በ2014 የዋጋ ማሻሻያ ናፍጣና ላምባ እኩል 49 ብር ከ02 ሳንቲም ተተምነው ነበር። ዛሬ የበለጠ የሚያሠጋኝ እጥረት ሲመጣ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ነው፤ ውኃና ቆሻሻው አይታይም። ኤታኖልም የራሱ ታሪክ አለው። በ2001 በመቶ 5፣ በ2003 ደግሞ በመቶ 10 ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል፣ ኤታኖል ውኃ የሚስብና በአሮጌ ታንክ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ የሚያላቅቅ ስለሆነ ፊልትሮ ቶሎ መቀየር ግድ ይል ነበር። ይህን ለባለመኪናው ያስረዳው ጥቂት ነው።

ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በምትኩ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ከጉልበቱ ምንም አይቀንስበትም፤ 18 ማዞሪያ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ሃይሱን ጥሎት ይሄዳል። አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ዳገት ይወጣሉ። የእናንተም ከለገመ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ማርሽ፣ ከምን ዓይነት ጭስ ጋር እንደሆነ ይዛችሁ ሂዱ፤ መካኒኩም አጠገባችሁ ተቀምጦ ዳገት ሳይወጣ ቴስታታ አታስወርዱ።