ክራር በቤት ውስጥ

አንዳንድ ወላጅ ልጁ ክራር ሲያነሳ «ደግሞ አዝማሪ ልትሆን ነው እንዴ?» ይላል። ልጁም አፍሮ ይተወዋል። እኛ እጩ መምህራን ነገ ከአሰላ ወጥተን በየቀበሌው ስንመደብ ይህን ወላጅ ማስረዳት ይጠበቅብናል። ለመርዳት ደግሞ ወላጁ ራሱ ክራር መምታት ማወቅ የለበትም።

አንደኛ፥ ቅኝት ይቅደም። ክራር አብዛኛውን ጊዜ 6 ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ሲሆኑ 6ኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግማል። በደጋችን የክረምት እርጥበት ቆዳው ስለሚላላ ቅኝቱ ይወርዳል። ሳይቃኝ የሚለማመድ ልጅ ጆሮው ስህተት ይለምዳል። ስለዚህ ክራሩ ከእርጥብ ግድግዳም ከምድጃም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ በየቀኑ ሩብ ሰዓት መለማመድ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ጣት የሚለምደው በድግግሞሽ ነው። ይህንን አርሲ ያውቀዋል፤ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው በሳምንት አንድ ቀን ሮጣ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ልጁ ዜማውን መጀመሪያ በአፉ ያንጎራጉር፤ ከዚያ በክሩ ላይ ይፈልገው። ሲሳሳት ከመሀል አያቋርጡት። ሲጨርስ «እስቲ ያቺን ቦታ ቀስ ብለህ ድገማት» ይበሉት።

ማታ ቡና ሲፈላ «እስቲ አሰማን» ማለትም ትልቅ እርዳታ ነው። የሚያዳምጠው ያገኘ ልጅ ነገም ይለማመዳል። ይህንን በየወላጆች ስብሰባው እናስረዳ።