የሒሳብ አያያዝ ወይስ የሥራ አመራር? ለዲፕሎማ ትምህርት ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ልጆቻቸውን በንግድ ሥራ ዲፕሎማ ለማስተማር የሚያስቡ ቤተሰቦች ለክፍያው የሚያውሉት ገንዘብ ከወተት ሽያጭ፣ ከቤት ኪራይ ወይም ከእርሻ መሬት ካሳ የተቆጠበ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የሚመረጠው የትምህርት ዘርፍ ምን እንደሚያስተምርና የምስክር ወረቀቱ ተቀባይነት እንዳለው አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

የንግድ ሥራ ትምህርት በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ አለው። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ለመሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች የሒሳብና የጽሕፈት ሠራተኞችን ሲያፈራ ቆይቷል፤ ኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። ዛሬ ዘርፉ በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በደረጃ ተከፍሎ ይሰጣል። ኅብረተሰቡ "ዲፕሎማ" የሚለውም በአብዛኛው ደረጃ 4ን ነው።

ሒሳብ አያያዝ ምን ያስተምራል?

ሠልጣኙ ገቢና ወጪን በዴቢትና በክሬዲት መመዝገብን፣ ከጆርናል ወደ ሌጀር ማስተላለፍን፣ ደመወዝና ግብር ማስላትን፣ እንደ ፒችትሪ ባሉ የሒሳብ ሶፍትዌሮች መሥራትን ይማራል። ዕውቀቱ ለቢሮ ሥራ ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

ለምሳሌ አምስት ላሞች ያሉት አንድ የሱሉልታ አርቢ በቀን 40 ሊትር ወተት በ60 ብር ሒሳብ ቢሸጥ በ30 ቀናት 72 ሺህ ብር ያገኛል። ለድርቆሽ፣ ለፉርሽካና ለፋጉሎ 48 ሺህ፣ ለሠራተኛ 9 ሺህ፣ ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት 5 ሺህ ብር ቢያወጣ በእጁ 10 ሺህ ብር ይቀራል። ይህንን ትርፍ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሆኖም ላሞቹ በ600 ሺህ ብር ተገዝተው ከአምስት ዓመት በኋላ በ240 ሺህ ብር የሚሸጡ ከሆነ በየወሩ 6 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ አለ። በዚያው ወር በዱቤ ወስዶ ያስበላው የ5 ሺህ ብር መኖም ወጪ ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ አርቢው አንድ ሺህ ብር ከስሯል። በእጅ ያለ ገንዘብና ትርፍ የተለያዩ መሆናቸውን ማሳየት የሙያው መሠረታዊ ጥቅም ነው።

የሥራ አመራርስ?

ይህ ዘርፍ በዕቅድ፣ በማደራጀት፣ በመምራትና በቁጥጥር ላይ ያተኩራል። ሥልጠናው ሰውን ለሥራ መመደብን፣ ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ የንብረት አያያዝንና የደንበኛ አገልግሎትን ያካትታል። አንዱ ትምህርቱ ገንዘብ የሚቀበለውና ሒሳቡን የሚመዘግበው ሰው አንድ መሆን እንደሌለበት ነው። ይህ በተለይ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይጠቅማል። ማኅበራቱ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በአባላት በተመረጠ ኮሚቴ ይመራሉ፤ ሒሳባቸውም ይመረመራል። ዘርፉን የተማረ የኮሚቴ አባል ሪፖርት ሲቀርብለት የትኛውን ሰነድ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ከቁጥርና ከሰነድ ጋር መሥራት የሚወድ ሠልጣኝ ሒሳብን፣ ሰው ማስተባበር የሚቀናው ደግሞ አመራርን ቢመርጥ ይሻላል። የራሱን ድርጅት ለመክፈት ያሰበ ሰው ግን አንዱን ሲማር የሌላውን መሠረታዊ ዕውቀት መያዝ ይኖርበታል።

ከምዝገባ በፊት

አራቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ከአዲስ አበባ ጋር የተጎራበቱ በመሆናቸው የሁለቱም ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሙያ፣ ደረጃና ካምፓስ ተለይቶ ነው። አዲስ አበባ ላለ ካምፓስ የተሰጠ ፈቃድ ለገጣፎ ለተከፈተ ቅርንጫፍ አያገለግልም። የቀኑ መርሐ ግብር ፈቃድም ለርቀት ትምህርት ማረጋገጫ አይሆንም።

ስለዚህ ተመዝጋቢው የፈቃዱን ቅጂ አይቶ የሙያውን ስም፣ ደረጃውን፣ አድራሻውንና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ አለበት። ቀጥሎም ፈቃዱን ለሰጠው አካል በአካል ቀርቦ ማረጋገጥ ይገባዋል። ትምህርቱን ማጠናቀቅ ብቻውንም በቂ አይደለም፤ ሠልጣኙ በተለምዶ "ሲኦሲ" የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ይጠበቅበታል። በመሆኑም ተቋሙ ሠልጣኞቹን ለምዘና ማቅረቡን፣ በድርጅቶች ውስጥ የትብብር ሥልጠና ማመቻቸቱንና ኮምፒውተሮቹ በተግባር የሚሠሩ መሆናቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለእያንዳንዱ ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልና ውሉን በጥንቃቄ ማስቀመጥም ያስፈልጋል። አለመግባባት ቢፈጠር አቤቱታ ለማቅረብ የሚያገለግሉት እነዚህ ሰነዶች ናቸው። ደረሰኝ መያዝ ደግሞ በሒሳብ አያያዝ ክፍል ውስጥም ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው።