ከአሮጌ መኪና ጎማ ጋሪ ሲሠራ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሜዳ በቆሎ የሚያመላልስ ጋሪ ከአሮጌ መኪና ዕቃ ይሠራል። ሁለት ጎማ ከነቸርኬው፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የብረት ዘንግ፣ ጣውላና ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃል። ዘንጉን ሲገዙ ጎማውን አንሥተው በእጅ ያሽከርክሩት። ከተንኳኳ ኩሽኔታው አልቋልና ይለወጥ። ግራሶም አይርሱ። የጣውላውን ሥራ አናጢ ያውቀዋል።

ዋናው ነገር ሚዛኑ ነው። ዘንጉ ከጭነቱ መካከል ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ በብሎን ይታሰር። ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ የፊት እንጨቶቹ ይነሣሉ፤ የሆዱም ጠፍር አህያውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ሸክሙ በጀርባው ላይ ይወድቃል፤ ታዲያ ጋሪው ምን ጠቀመ? ከጫኑ በኋላ፣ እንስሳው ሳይጠመድ፣ የእንጨቶቹን ጫፍ በእጅዎ ያንሡ። ጥቂት ብቻ ከበድ ካለ ደኅና ነው። አንገቱ በጎታቹ መኪና ላይ የሚያርፍ ትልቅ ተሳቢ ግን ጥቂት ሳይሆን ብዙ ክብደት በጎታቹ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ይሠራል።

እንደ ፈረስ ቤት ባለ ቁልቁለት አገር ግን ጋሪው እንስሳውን ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከጭኑ በስተኋላ የሚዞር ሰፊ ጠፍር ከሁለቱ እንጨቶች ጋር ይታሰርለት። ጠፍሩ ከሌለ ቁልቁለቱን በጋሪ አይውረዱ፤ ጭነቱን አራግፎ በጀርባ ማሻገር ይሻላል።